የለቀምክልኝ የመካከል ቃላት

ዩሱፌ፣ የልጄ አባት፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ከተለየኸኝ እነሆ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ቀኑን በልብስ ነው የምቆጥረው። አንተ በሄድክበት ሳምንት የሰርግ ቀሚሷን በእጄ ላይ ትታ የነበረችው የጎረቤታችን ልጅ፣ ትናንት ሆዷ ገፍቶ ጎኑን እንድለቅላት ያንኑ ቀሚስ ይዛ መጣች። ስለካት «መምህር ዩሱፍ ቢኖሩ ለልጄ ስም ያወጡለት ነበር» አለችኝ። ስቄ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ግን መርፌው ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። ይኸው ዛሬ ወረቀት አነሳሁ።

የምትጽፍልህ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት፤ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ እያረምክ አንብበው። የት እንደምልከው አላውቅም። ያለህበትን ቦታ ስም ግን አውቃለሁ፤ በርዘኽ ነው። ሰው ከዱንያ ወጥቶ አኺራ ሳይገባ እስከ ትንሣኤ ቀን የሚቆይበት የመካከል አገር። ቃሉን በልጅነቴ ቁርኣን ስቀራ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን ካንተ አፍ ነው። «ዘነብ፣ በርዘኽ ግርዶሽ ማለት ነው። በሁለት ባሕር መካከል ሆኖ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው የሚከለክል» ብለህ ነበር። ግርዶሹ ደብዳቤ ያሳልፍ እንደሆነ አልጠየቅኩህም።

የቤቱን ልንገርህ። ከዋናው መንገድ ወደ እኛ የሚያስገባው ጭቃ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ክረምት ላይ ጫማህን በእጅህ ይዘህ የምትሻገርበት ቦታ ዛሬ ባጃጅ ይበርበታል። ከሐራ ገበያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወሬው ስለ ባቡሩ ነው፤ ሐዲዱ ደርሷል ይላሉ፣ ገና ነው ይላሉ። እኔም የሴቶች አንድ ለአምስት ሰብሳቢ ተብዬ ተመርጫለሁ፤ ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ጓሮ የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ክር ይበዛበታል፣ ግን ይጣፍጣል።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናውን ለመንገር ድፍረት አጥቼ ነው። ዩሱፌ፣ ሐያት መጥታለች። ልጃችን በሕይወት አለች። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ከእኔ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ናት። ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ስማኝ፤ አንተ የማታውቀው አለ፣ እያወቅህ ያልተነጋገርንበትም አለ።

ሐያት ስትሄድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ አላሳለፋትም። ያን ጊዜ በወረዳችን በሀብሩ ከየቤቱ አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ነበረች፤ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅበት ግቢ ስታይ ልጅቱ የት እንደሄደች አትጠይቅም። «አባ፣ ሁለት ዓመት ብቻ» አለችህ። እኔ ነኝ «ትሂድ» ያልኩት። አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» ብለኸኝ አታውቅም፤ ያለማለትህ ግን ሁልጊዜ ይሰማኝ ነበር።

ሰባት ወር ሙሉ በየጁምዓው ደወለች። በስምንተኛው ወር ስልኩ ዝም አለ። የላካት ደላላ ቢሮ ወልድያ ስለነበር በየሳምንቱ ትመላለስ ጀመርክ። አንድ ማክሰኞ ተመልሰህ መጥተህ ከስፌት መኪናዬ ፊት ካለው ዱካ ላይ ተቀመጥክና «ፔንዲንግ ነው አሉኝ» አልክ። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩህ። ጀርባው በፕላስተር የተያያዘውን ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወረድክ። ለረጅም ጊዜ አነበብክ። «ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ መንጠልጠል ነው» አልክ። ከዚያ ቀና ብለህ «እኛስ ጉዳዩ በእንጥልጥል ቀረ እንል የለም? እነሱም እኛም ያየነው አንድ ነገር ነው» አልከኝ። ፊትህ ትንሽ ፈካ ሲል ደሜ ፈላ። ልጄ ጠፍታ ባሌ በቃል ይደሰታል ብዬ ልብሱን ጣጥዬ ወጣሁ።

ሰው ሲጨንቀው ያለቅሳል፣ ይሰግዳል፣ ወይ ይቆጣል። አንተ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል መልቀም ያዝክ። ከአስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል፣ አሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ የጻፍካትን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይዘህ ትመጣና ዱካው ላይ ትቀመጣለህ። ቃሎቹ ሁሉ አንድ ዘር ናቸው፤ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ያልገባ ነገርን የሚጠሩ። ትምህርት ቤት እንኳ ግምገማ ላይ «ተማሪውን ከመጽሐፉ እያስወጣ ስለ ቃል ዘር ያወራል» ተብለህ ነበር። ሒስህን ዋጥክና በማግስቱ ለተማሪዎችህ ስለ ትዋይላይት ስትነግር ዋልክ። ማታ ለእኔም ነገርከኝ። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝታ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ማለት ነው፣ የኋላው ብርሃን። «የሁለት ብርሃን ይሁን የግማሽ ብርሃን ሊቃውንቱም እርግጠኛ አይደሉም» አልክ። ከደጅ የመግሪብ አዛን ይሰማ ነበር። የማን ግማሽ እንደሆነ በማይታወቅ ብርሃን ውስጥ ሁለታችንም እጃችንን አጣጥፈን ቆየን። መብራት ያበራ የለም።

ሌላ ቀን ቢትዊንን አመጣህ። መካከል ማለት ነው። «ፊቱ አጠገብ ነው፣ ኋላው ከሁለት የመጣ ነው። በሁለት አጠገብ እንደ ማለት። ስለዚህ ዘነብ፣ መካከል ያለ ሰው ሁለቱም ጎረቤቶቹ ናቸው።» ሌላ ቀን ደግሞ ትሬሽሆልድን፣ የበር ደፍን። ፊተኛው ግማሹ ከመውቃት ጋር ዘመድ ነው፣ በጥንት ጊዜ መርገጥ ማለት ነበር፣ በሬ አውድማ ላይ እንደሚረግጠው አልክ። ኋለኛው ግማሽ ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም ይላል። ያን «አይታወቅም» የሚለውን ደጋግመህ በጣትህ ነካካኸው። «ሲያቅተው አይታወቅም ብሎ የሚጽፍ መጽሐፍ ታማኝ ነው። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። የሐያት ነገር አይታወቅም። ከዚያ በላይ አንጽፍም፣ ከዚያ በታችም አንጽፍም።»

አንድ ጊዜ መቀሴን አስቀምጬ ጮህኩብህ። «ይህ ሁሉ ቃል ልጄን ያመጣልኛል?»

«አያመጣም» አልክ። ድምፅህን ከፍ አላደረግክም። «ግን ስም የወጣለት ቦታ ሰው የደረሰበት ቦታ ነው። ደርሶ የተመለሰ ባይኖር ኖሮ ስሙን ማን ይነግረን ነበር?»

መቀሴን መልሼ አነሳሁ። የሰው አፍ ግን መልስ ነበረው። ሦስተኛው ዓመት ሲጋመስ «ሐዘኗን ያላወጣች» ይሉኝ ጀመር። ገበያ ላይ ሴቶች ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሲሪንቃ ያለችው እህቴ ፋጡማ በመጣች ቁጥር «ልጅቱን አልቅሰሽ አውጫት። ለነፍሷ ዱዓ ይደረግላት፣ ሰደቃ ይበላላት። አንቺም ይውጣልሽ» ትለኛለች። ላንተ ብነግርህ የምትለውን አውቀዋለሁ። ደክሞኝ ነበር ዩሱፌ። አንተ ተስፋን የምትይዝበት ቃል ነበረህ፤ እኔ የማለቅስበት ቀን እንኳ አልነበረኝም። በየትኛው ቀን ነው የሚለቀሰው፣ ቀን ለሌለው ነገር?

አንድ ሐሙስ፣ አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሲሪንቃ ሄድኩ። ፋጡማ ጎረቤቶቿን ጠርታ ፍየል አሳርዳ ቆየችኝ። ሸኹ እጃቸውን ለዱዓ ከፍ ሲያደርጉ «ስሟ ማን ነው?» አሉ። «ሐያት» አልኩ። እጃቸውን መለስ አደረጉና አዩኝ፤ ሐያት በዓረብኛው ሕይወት ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። «ለሕያው ነው ወይስ ለሟች የምንለምነው?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ሙሉ ሴት ዞሮ እኔን አየ። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። የአንተ ቃል እምላሴ ላይ ነበረ።

«ለሟች» አልኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቀለለኝ። ዓመታት ያፈንኩትን እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ስመለስ ከመኪናው መስኮት ሆኜ የሲሪንቃን የግብርና ምርምር ጣቢያ ማሽላ እያየሁ፣ እንቅልፍ ያልወሰዳት ሴት የምታየውን ሕልም የማይ መሰለኝ። ልጄን ቀብሬ ነው የምመለሰው፤ ልጄ ግን የትም አልተቀበረችም። ቤት ስደርስ እራት ሠራሁልህ። ምንም አልነገርኩህም።

የነገረህ መምህር ታደሰ ነው። ከወልድያ በየቀኑ ተመላልሶ ሒሳብ የሚያስተምረው ጓደኛህ፣ ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲመለስ ሲሪንቃ ላይ የተሳፈሩ ከሰደቃው የወጡ ሴቶች ሲያወሩ ሰምቶ ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቅፎ «እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ፣ ምነው ሳትነግረኝ?» አለህ። አንተ መርዶ መጥቶ እኔ የደበቅኩህ መሰለህ። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሮጠህ መጣህ። ለዚያች ለሩጫህ ያህል ጊዜ ልጅህ ሞታብህ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ እያለከለክ «መቼ ሰማሽ?» አልከኝ።

«አልሰማሁም» አልኩህ።

«ታዲያ?»

ነገርኩህ። ዱካው ላይ ተቀመጥክ፤ መሐረብህን አውጥተህ ግንባርህን ጠረግክ። «ሳትጠይቂኝ ልጄን ገደልሽብኝ» አልክ። ከዚያ ተነስተህ ወደ ክፍልህ ተመለስክ፤ ተማሪዎች ይጠብቁህ ነበርና።

ሁለት ወር ሳሎን መደብ ላይ ተኛህ። ቃል ይዘህ መምጣትህም ቀረ። ከአስር በኋላ ዱካው ባዶውን ሲቀመጥ ያኔ ነው የገባኝ፤ የናቅኩት ያ የፈተና ወረቀት ቤታችንን ይዞት እንደነበር። እኔም አፌን ሞልቼ ይቅርታ አላልኩህም። እልህ ነበረብኝ፤ አንተ ብቻ አባት የሆንክ ይመስል ብዬ።

ከዚያ አንድ ዝናብ ያባራበት ቀን የአንድ ተማሪ ሱሪ እየቀመቀምኩ ሳለ ገባህ። ቆመህ እጄን ስታይ ቆየህና «ሊምቦ» አልክ። «ክርስቲያኖች ዘንድ ጀነትም ጀሀነምም ያልገባች ነፍስ የምትቆይበት ነው ይላል መጽሐፉ። ታደሰን ጠየቅኩት፤ የካቶሊኮች ነው፣ እኛ ዘንድ የለም አለኝ። አሁን ሰው ሁሉ መሄጃ ላጣ ነገር ይጠቀምበታል። መሠረቱ ግን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ወደ ሱሪው ጠቆምክ። «ይኼ ነው። የልብስ ጠርዝ። ቅምቅማት።»

«እና እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ሊምቦ ስሰፋ ነው የኖርኩት?» አልኩህ።

መጀመሪያ አንተ ሳቅክ። ከዚያ እኔ። እንባዬ ሱሪው ላይ እስኪወርድ ሳቅኩና ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። እጄን ያዝከኝ። «እኔ አትሞትም እያልኩ፣ አንቺ ሞታለች እያልሽ፣ ሁለታችንም አናውቅም ነበር ዘነብ። አለማወቁ ላይ አብረን ነበርን» አልክ። ያን ዕለት ወደ አልጋህ ተመለስክ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አላልኩህም፣ አፉ ብዬሻለሁም አላልከኝ። አሁን ልበለው፤ አፉ በለኝ ዩሱፌ።

በሚቀጥለው ዓመት ልብህ ደከመ። ወልድያ ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ቤትህ እረፍ አሉህ። ዘጠኝ ቀን ተኛህ። ነቅተህም ተኝተህም አልነበርክም፤ ዓይንህ ከፈት እንዳለ አንዴ ከእኔ ጋር፣ አንዴ ከሌላ ሰው ጋር ታወራለህ። በስድስተኛው ቀን ከአልጋው ግርጌ በኩል ስታይ ቆየህና «ዘነብ፣ ልጅቱ ጠምቷታል። ውሃ ስጫት» አልከኝ። ማንም አልነበረም። ልከራከርህ አልቻልኩም። በዚህ አፌ «ለሟች» ያልኩ ሴት ተነስቼ በብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጥኩላት። አየኸው፣ ራስህን ነቀነቅክ፣ ተኛህ። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃውን እየለወጥኩ አስቀመጥኩ። በዘጠነኛው ቀን፣ በአስርና በመግሪብ መካከል፣ ሸሃዳህን በሹክሹክታ አልክና እንደ ሰው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንደሚያልፍ አለፍክ። ትንፋሽህ የትኛው የመጨረሻው እንደነበር ለመለየት ቸግሮኝ ለረጅም ጊዜ ጠበቅኩህ።

አንተ በሄድክ በስምንተኛው ወር ሐያት መጣች።

ወረቀት የሌላቸው ሁሉ ከሳውዲ ውጡ በተባለ ጊዜ ከወጡት ጋር ነው የመጣችው። አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዛ መርሳ መናኸሪያ ወረደች። የመምህር ዩሱፍ ቤት አድርሰኝ ያለችው የባጃጅ ነጂ አላወቃትም፤ መንገድ ላይ «መምህሩ እንኳ አርፈዋል፣ ሚስታቸው ናት ያለችው» አላት። ስለዚህ ሰምታ ነው የደረሰችው። እኔ አንገቴን ደፍቼ እየሰፋሁ ነበር። ብርሃኑን የጋረደኝን ሰው ደንበኛ መስሎኝ «ግቢ» አልኩ፤ አልገባችም። ቀና ስል ቀጭን ሴት፣ ጥቁር አባያ፣ የአንተ ግንባር። «እማ» አለችኝ። የስፌት መኪናው እግሬ ሥር ብቻውን ትንሽ ዞረና ቆመ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ያወቅኩት አቅፌያት መሬት ላይ እንደተቀመጥን፣ ጎረቤት እልል ሲል ነው።

ያን ሳምንት ቤታችን የገባው ሰው ምን እንደሚል ግራ ገባው። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ሐያትን ይስምና፣ ወዲያው ፊቱን አጨፍግጎ «አላህ ያጽናሽ» ይላታል፤ ያባቷን ለቅሶ ገና ማንም ያልደረሳት ልጅ ናትና። አንዳንዱ ለቅሶውን አስቀድሞ ደስታውን ይረሳዋል። መምህር ታደሰ ከወልድያ ብርቱካን ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ሁለቱንም ማለት አቅቶት አለቀሰ። ፋጡማ ለሦስት ቀን አልመጣችም። አፍራ ነው።

ዩሱፌ፣ መምጣቷ ብቻ መምጣት አልሆነም። ሰውነቷ ቤት ገብቶ ሌላዋ ገና መንገድ ላይ ነበረች። ቆማ ትበላለች። ውሃ ለመጠጣት ታስፈቅደኛለች። «ልታጠብ?» «ልውጣ?» «ልተኛ?» ትለኛለች፣ በራሷ ቤት፣ እናቷን። ፍራሽ ብዘረጋላትም በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ነው የምትተኛው። ከእንቅልፏ ስትባንን በዓረብኛ «መጣሁ፣ መጣሁ» ትላለች። አንተ ብትኖር ለዚህ ቃል ታገኝለት ነበር እያልኩ ወረቀቶችህን አገላበጥኩ፤ አላገኘሁም። እኔ ያለኝ እጄ ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ አደረግኩ። ማንኛውንም ነገር ስታስፈቅደኝ መልስ መስጠት ትቼ፣ ይልቅ እኔ እሷን ማስፈቀድ ጀመርኩ። «ሐያት፣ መስኮቱን ልክፈተው?» «ሐያት፣ ሽሮው ላይ ጨው ልጨምር?» መጀመሪያ ደነገጠች። በሦስተኛው ሳምንት «ኧረ እማ፣ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ጨምሪ» ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋን ስሰማ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

የሆነባትን በቁርጥራጭ ነው የነገረችኝ። አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተው ሌላ ከተማ ወሰዷት። በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አምልጣ ያለ ወረቀት ተደብቃ ስትሠራ ኖረች። ያገር ሰው ስታይ ትሸሽ ነበር፤ ባዶ እጄን እንደሆንኩ እንዳያወሩብኝ ብላ። የስልክ ቁጥርህን አልረሳችውም። ይህን ስማኝ፤ በቃሏ ይዛዋለች፣ ግን ሠላሳ አራት የሚለውን አርባ ሦስት እያደረገች ነበር የምትደውለው። በደወለች ቁጥር አንድ የማታውቀው ሰው አንስቶ ይሳደባል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሰውየው ለመዳት፤ ሳይሳደብ «ዛሬም አላገኘሻቸውም?» ይላት ጀመር። አንተ ደግሞ እዚህ ቁጥሬን አልቀይርም ብለህ ያን ያረጀ ስልክ በሄድክበት ሁሉ ቻርጅ ታስደርግ ነበር።

ውሃ የለመንክላትን ቀንም ጠየቅኳት። ምናልባት በዚያ ቀን በረሃ ላይ ጠምቷት ይሆን ብዬ ቀን በቀን ቆጠርን። አልገጠመም። ያን ሰሞን አንድ ቤት ወለል ስታጥብ ነበር፤ ውሃ ሞልቷት። ተያይተን ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም ላንተ አለቀስን።

የሰደቃውን ነገር ከመንደሩ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማ ፈለግኩ። አንድ ቀትር ላይ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ሸኹ የጠየቁኝን፣ እኔ ያልኩትን፣ አንተ ያልከኝን። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ቀና አለችና «ምን ታረደ?» አለችኝ።

«ፍየል።»

«ፍየል ብቻ?»

«ፍየል ብቻ።»

«እንዴ እማ! ለእኔ?» ብላ ሳቀች። የልጅነት ሳቋ ነበር፣ ያ ጥርሷን በእጇ የምትሸፍንበት። ሳቋ ሲያበቃ «እኔም እዚያ አንድ ቀን ለራሴ አልቅሻለሁ። በቃ ሐያት የለችም ብዬ። ስለዚህ አንቺ አልዋሸሽም» አለችኝና ማጣጠፏን ቀጠለች። በማግስቱ ወደ ሲሪንቃ ሄዳ ፋጡማን ራሷ ይዛት መጣች።

አሁን እንዲህ ነው የምንውለው። ከአስር በኋላ ሐያት ከመኪናው ማዶ ትቀመጥና «አባ ያን ጊዜ ምን ሲያደርግ ነበር?» ትለኛለች። እሷ የሌለችባቸውን ዓመታትህን ነው የምትጠይቀኝ። አንድ ቀንህን እነግራታለሁ፤ ራማዳን ላይ ሾርባ ያፈሰስክበትን፣ ተማሪህ ዩኒቨርሲቲ ገባ ብለህ ሰፈሩን ያዳረስክበትን፣ መነጽርህን ግንባርህ ላይ አድርገህ ቤቱን ሙሉ የፈለግክበትን። በማግስቱ ተራው የእሷ ነው፤ እሷ አንድ ቀኗን ትነግረኛለች። እሷ ያንተን አራት ዓመት አላየችም፣ አንተ የእሷን አላየህም። ሁለታችሁንም የምታውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ቶሎ መሞት የለብኝም። የደም ግፊቴን መድኃኒት እንኳ ሳላሳልፍ እየዋጥኩ ነው።

ዛሬ ተራው የእሷ ነበር። ስለ አንዲት አብራት ትሠራ ስለነበረች የከሚሴ ልጅ ጀምራልኝ፣ ልጅቱ እንዴት እንደምትዘፍን እየነገረችኝ፣ መሐል ላይ ድምፅዋ ቀጠነ። ሳይ፣ ያልተሰፋው ቀሚስ ላይ ጭንቅላቷን ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። ሳታስፈቅደኝ። ከመጣች ጀምሮ በቀን ብርሃን ስትተኛ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እንዳልቀሰቅሳት የስፌት መኪናውን ትቼ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ቀሚሱ ለነገ ተቀጥሮ ነበር፤ ባለቤቷ ትቆጣኝ።

ነገ ተራው የእኔ ነው። ገና የምነግራት ብዙ አለኝ፤ እሷ ከመወለዷ በፊት የነበርከውን ዩሱፍንም አልጀመርኩላትም። ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። አላህ ቀብርህን ሰፊና ብሩህ ያድርግልህ። ስምህ በዚህ ቤት በየቀኑ እየተጠራ ያመሻል፣ ቃሌ ነው።

ዘነብህ
መርሳ